«ማንም የለም» ላልከው

ማክሰኞ ማታ በፖርቱጋልኛው ክፍል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ያዋረድከኝ አንተ ነህ። ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። መምህሯ «አልጌም» ማለት አንድ ሰው፣ «ኒንጌም» ማለት ደግሞ ማንም የለም ማለት ነው ብላ ካስረዳችን በኋላ፣ «ቤት ውስጥ አብሮህ የሚኖር ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችህ።

አንተ «ኒንጌም» አልክ።

እኔ ከኋላህ ተቀምጬ ነበር። አብረን እንደምንኖር የሚያውቁ ሁሉ ሳቁ።

ስንወጣ «ጋሼ፣ መልመጃ እኮ ነው፣ ምን ያስኮርፍሃል?» አልከኝ። መልመጃ ከሆነ አንድ ሰው አለ ብትል ምን ይቀርብህ ነበር? ከአገር ቤት የመጣህ ቀን መጋረጃ ሰቅዬ ክፍሌን ለሁለት የከፈልኩት ለማን ነው? የግድግዳ ልስን ሥራ ያስለመደህስ ማነው? አሠሪዎቹ ቋንቋውን ያልቻለ በቋሚነት አይቀጠርም ስላሉ እንጂ፣ እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሰውዬ እዚያ ወንበር ላይ ምን እሠራለሁ። አንድ ቃል ጭንቅላቴ እስኪገባ ሳምንት ይፈጅብኛል። ይቺን ግን ወዲያው ያዝኳት።

የጋዙ መዝጊያ ያፈሳል፣ አጥብቀው።
ሩዝ ድስቱ ውስጥ አለ። የሠራሁት ለሁለት ሰው ነበር፣ ብቻህን ጨርሰው።
ትናንት ማታ በሩን ከውስጥ የቀረቀርኩት ረስቼ ነው እንበል። ደጅ ላይ ሲያስልህ አድሯል። ወፍራሙን ብርድ ልብስ አልጋህ ላይ አድርጌዋለሁ።
ይህን ሳምንት ሥራ ቦታ፣ መጋዘኑ ውስጥ አድራለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እንጃ።

ይኸው አሁን ከመታጠቢያ ቤት ሆነህ «ጋሼ፣ ማታ ክፍል ቀድመህ ከገባህ ለኔም ወንበር ያዝ» ትለኛለህ።

ሰምቻለሁ። ይህን ወረቀት ድስቱ ላይ ትቼልህ እየወጣሁ ነው።