ባዶ በተባለው ሞገድ ላይ

ጥር 4
ደህና ቀን። ጠረጴዛው ላይ ሻይ ደፋሁ፤ አለቃዬ ሳያይ ጠረግኩት።

ሥራዬ የሬዲዮ ሞገድ መስማት ነው። ሞገዱ የመንግሥት ነው፤ መንግሥት በማይናገርበት ሰዓት የስልክ ኩባንያው ይጠቀምበታል። የመንግሥት ሬዲዮ ሲናገር ማሽናችን ሰምቶ የኩባንያውን ማማ ወዲያው ዝም ያሰኘዋል። ባለቤት ሲመጣ እንግዳ ይነሳል፣ በቃ።

ከሰዓት በኋላ የሸለቆው ማማ ዝም አለ። ማሽኑ የመንግሥት ሬዲዮ ሰምቻለሁ ይላል። የቱን ሬዲዮ? እዚያ የነበረው ወንዝ ዳር ያለው የአደጋ ጊዜ ጣቢያ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ሠራተኛውን፣ ወንድሜን፣ ጎርፍ ከወሰደው ወዲህ ተዘግቷል...

ማሽንም ይሳሳታል። ወደ ቤት ገባሁ።

ጥር 5
በዚያው ሰዓት ደገመው።

ጥር 8
የኩባንያው መሐንዲስ መጣ። በልቤ ቶሎ ቶሎ ብዬዋለሁ፤ ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ እንዲሉ። ሳይቀመጥ ነው የሚያወራው። ዛሬ ግን እውነት ይዟል። ትናንት ማማው ዝም ባለበት ሰዓት ሸለቆው ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት ነበረች፤ አምቡላንስ መጥራት አልቻሉም። ለጥቂት ተረፈች። በሌላ ቀንስ?

ከአለቃዬ ጋር ተስማሙ። እስከ መጪው አርብ ተናጋሪውን ካላገኘሁ «ተጠቃሚ የለም» ብዬ እፈርማለሁ። ሞገዱ ለኩባንያው ይሆናል፤ እኛም ማድመጥ እናቆማለን። ልክ ናቸው።

ጥር 11
እስከ ዛሬ ስክሪኑ ላይ መስመሩን ብቻ ነበር የማየው። ዛሬ ጥምቀት ነው፤ ተረኛ ሆኜ ብቻዬን ድምፁን ከፍቼ አዳመጥኩት። ንግግር የለውም። የሬዲዮ ቁልፍ ሲነካ የሚሰማው ብቻ። ጠቅ ጠቅ... ቆይቶ ደግሞ ጠቅ።

የሬዲዮ ሰዎች ከመናገራቸው በፊት ቁልፉን ሁለት ጊዜ ይነካሉ። ሦስተኛ የሚጨምር አንድ ሰው ብቻ ነበር። የቤታችንንም በር እንደዚያ ነበር የሚያንኳኳው። እማዬ «ሦስተኛዋ ምርቃት መሆኗ ነው?» እያለች ትስቅበት ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። አበደች ይሉኛል። አብጄ ይሆን እንዴ?

ጥር 12
እማዬ ጋ ዋልኩ። ወንድሜ የሰጣት አሮጌ ሬዲዮ መስኮቱ ሥር ሿ ይላል። ከጎርፉ ወዲህ ዘግታው አታውቅም። ምን ትሰሚበታለሽ አልኳት። ምንም፣ ዝም ብሎ ይጮኻል አለችኝ፤ ዓይኔን ሳታይ።

እማዬ ውሸት አትችልበትም።

ጥር 13
ከቢሮ የእጅ ሬዲዮ ተውሼ፣ ቶሎ ቶሎን አስከትዬ ወንዝ ዳር ወዳለው ጣቢያ ሄድኩ። አንቴናው ወድቋል። ባትሪው ተነቅሎ ተወስዷል፣ ሽቦው ተቆርጧል። ጠረጴዛው አቧራ ለብሷል። ወንበሩ ላይ ግን አቧራ የለም።

ቶሎ ቶሎ፣ ይኸው ማንም የለም ብሎ ስልኩን አወጣ። ኔትወርክ የለውም። ማማው ዝም ብሏል። ማማው ዝም ካለ ደግሞ ማሽኑ ሰው ሰምቷል ማለት ነው... ያኔ እጄ ላይ ያለው ሬዲዮ ጠቅ ጠቅ አለ። ቆይቶ ጠቅ።

«እንሂድ፣ እህቴ» አለኝ ቶሎ ቶሎ፣ ቀስ ብሎ። ፊቱ አመድ መስሏል።

አልሄድኩም። ወንድሜ ሁሌ የሚነግረኝ ነገር ትዝ አለኝ። ሬዲዮ ላይ የተጣራ ሰው «ሰምቻለሁ» ካልተባለ አይዘጋም። እስኪመለስለት ይደግማል። የጎርፉ ቀን የሸለቆውን ሰው በጡሩምባ አስወጥቶ ተመልሶ እዚህ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ከዋናው ጣቢያ መልስ ሊጠብቅ። የመለሰለት አልነበረም። የእኛ ቢሮ ደግሞ ይሰማል እንጂ አይናገርም። ይሄን ሁሉ ቀን ሲጣራ እየሰማሁ ዝም አልኩት?

ቁልፉን ሁለት ጊዜ ነካሁ። «ሰምቼሃለሁ፣ ወንድምዓለም። ሰው ሁሉ ወጥቷል። ዝጋ።»

ቆየ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠቅ። የቶሎ ቶሎ ስልክ ኔትወርኩ ተመለሰ።

ጥር 14
ሰዓቱ ደረሰ። ምንም። ማማው ሲሠራ ዋለ።

ጥር 15
ፈረምኩ። ተጠቃሚ የለም። አሁን እውነት ነው። ቶሎ ቶሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሲነሳ እጄን ጨብጦ ሄደ።

ከሥራ ስወጣ እማዬ ጋ ሄድኩ። ጣቢያው መሄዴን አልነገርኳትም። ማንም አልነገራትም። በሩን ስከፍት ቤቱ ጸጥ ብሏል... ሬዲዮው ተዘግቶ ጨርቅ ተደርጎበታል።

ማን ዘጋው አልኳት።

«እኔ ነኛ» አለች። «ከትናንት ወዲያ ወንድምሽ፣ ‹እህቴ መለሰችልኝ፣ አሁን ዝጊው› አለኝ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ተቃቅፈን አለቀስን።