ጠዋት ረዝሞ ቀትር ላይ ስለሚያጥረው ክንድዎ

ለተከበሩ የአሊዩ አምባ ገበያ ዳኛ፣
አንኮበር

ጌታዬ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ከብትዎና በተለይም ቀኝ ክንድዎ ደኅና ናቸውን? እኔ ከሌላ ሰው ጋር በሰንሰለት ተቆራኝቼ ከመሰንበቴ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ደብዳቤዬን ሳላሽግ የላክሁት በድፍረት አይደለም፤ ዓርብ ገበያ ላይ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው እንዲያነብለት ብዬ ነው።

ከሥራ ብዛት ረስተውት እንደሆነ ነገሩን ላስታውስዎ። ለደብራችን መጋረጃ አሥራ ሁለት ክንድ ነጭ ጨርቅ ከነጋዴው ከበሽር ገዛሁ። በእሱ ክንድ ሲለካ አሥራ ሁለት ሞላ፤ ቤቴ ወስጄ በእኔ ክንድ ስለካው ከአሥር ተኩል አላለፈም። በሽር አጭር ነው፣ እኔ ረጅም ነኝ፤ ሁለታችንም አልዋሸንም። በንዴት ጊዜ ግን ይህን ማን ያስበዋል? እኔ ሌባ አልሁት፣ እሱም ቀጣፊ አለኝ፣ ተያይዘን ከእርስዎ ፊት ቀረብን። እርስዎም ጨርቁ በራስዎ ክንድ ተለክቶ ነገሩ እስኪቆረጥ ድረስ የእኔን ቀኝ እጅ ከእሱ ግራ እጅ ጋር አስቆራኝተው በግቢዎ አስቀመጡን።

ስለዚህ ውለታዎን በቁጥር ላመስግን።

፩ኛ፦ ክንድዎን ይዘው እኛ ዘንድ መምጣት ስላልተመቸዎት፣ በልኩ ጠፍር አስቆርጠው ስለላኩልን እናመሰግናለን። ጠፍሩ የተቆረጠው ከእርጥብ ቆዳ ነው። ጠዋት በአንኮበር ጉም ረጥቦ ይለጠጣል፤ ጨርቁም አሥራ አንድ ክንድ ይሆንና እኔ እረታለሁ። ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታው ይኮማተራል፤ ጨርቁም አሥራ ሦስት ይሆንና በሽር ይረታል። ጠባቂያችን ገብረ ጻድቅ ትእዛዝ አክባሪ ነውና በየቀኑ ሁለት ጊዜ ለክቶ፣ ነገሩ አልተቆረጠም ብሎ ይሄዳል። ዛሬ ሰባኛ ቀናችን ነው።

፪ኛ፦ ተማሪዎቼን አራት ጣት አንድ ጋት፣ ስድስት ጋት አንድ ክንድ እያልሁ ሳስተምር ኖሬያለሁ። አሁን በሰንሰለት ከታሰረ መምህራቸው ትምህርት ሊቀበሉ ሲመጡ፣ የማን ጣት ብለው ይጠይቁኛል። እንዲህ የሚያስቡ ተማሪዎች ስላፈሩልኝ ለዚህም ምስጋና ይገባዎታል።

፫ኛ፦ ጠባቂያችን ለጸሎት ከግቢው ሲያወጣን፣ እሑድ በሽር ቤተ ክርስቲያን ስለማይገባ ሁለታችንም ደጁ ላይ እንገተራለን፤ ዓርብ እኔ መስጊድ ስለማልገባ እንደዚያው። በዐቢይ ጾም እሱ ከእኔ ጋር ሆዱ ባዶ ዋለ፤ ዛሬ በረመዳን እኔ ከእሱ ጋር እውላለሁ። ሚስቱ መሊካ ማምሻውን ለሁለታችንም ንፍሮ ታመጣልናለች። ይህን ወንድማማችነት ያለ እርስዎ ከየት እናገኘው ነበር?

ከበሽር ጋር ከታረቅን ስድስት ሳምንት አለፈን። ጠፍሩን ትተን በመካከላችን ባለው ሰንሰለት ጨርቁን ለካነው፤ ጠዋትም ስምንት፣ ቀትርም ስምንት ሰንሰለት ሆነ። ሁለታችንም በዚያ ረካን። ወሬው ተሰምቶ ገበያተኛው ጨርቁን ተሸክሞ እኛ ዘንድ እየመጣ ያስለካል። ጠባቂው ግን ፍርዱ የተሰጠው በክንድ እንጂ በሰንሰለት አይደለም ይላል።

ጌታዬ፣ አሁን ቀልዱን ልተወው። ልጄ ለተጊዮርጊስ ወንድ ወልዳለች፤ ዐርባ ቀኑ ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ ነው። ሲጠመቅ ከደጅ ቆሜ ድምፁን ልሰማ አልፈልግም፤ ከውስጥ ሆኜ ላየው ናፍቄያለሁ።

ክንድዎ እስኪመጣ ድረስ በግቢዎ ውስጥ ከመቆየት ሌላ ምርጫ የሌለው፣ ዕድሜና ጤና አብዝቶ የሚለምንልዎ፣

መሪጌታ ብርሃነ መስቀል
(እጄን እየተከተለ አብሮኝ የጻፈው በሽርም ሰላም ብሏል)
ሰኔ ፫ ቀን ፲፰፻፸፱ ዓ.ም.

የተረሳ፦ ገብረ ጻድቅ እንደነገረኝ፣ ሰንሰለታችን የማይዋሽ ልክ መሆኑን ሰምተው፣ ለገበያው መለኪያ እንዲሆን እኛን ሳይፈቱ ሊያቆዩን አስበዋል አሉ። ሰንሰለቱ እኛ ሳንኖርበትም ርዝመቱ ያው ነው። ይህን ከተጠራጠሩ አንዱን ጫፍ ከራስዎ እጅ ጋር ያስሩትና ይለኩት፤ ክንድዎም በዚያው ይመጣልናል።