ቢጫ ጉንጉን ያለበት ፎቶ

ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? የልጅ ልጄ ኮየልስ እንዴት ናት፣ ያ ሳል ለቀቃት ወይ? ባልሽና አማትሽስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ አልፎ አልፎ ያስቸግረኛል፤ እሱም ቀኑን ሙሉ ቆሞ ጨርቅ ማተም ያመጣብኝ ነው። ይህን ደብዳቤ ወንድሜ ባንዋር በእጁ ይሰጥሻል። በፖስታ ያልላክሁት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንብበሽ ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ጨምሪው።

ልጄ፣ አልተቀየምኩሽም። ለምን እዋሻለሁ፣ ተቀይሜ ነበር፤ ሦስት ቀን እህል በአፌ አልዞረም። አሁን ግን ወጥቶልኛል፤ ስለዚህ ሳትፈሪ አንብቢው።

ነገሩ የጀመረው አምና ነው። ናንዲታ የምትባል ፎቶ አንሺ ከሙምባይ ወደ ግቢያችን መጣች። እስረኛው ቀን ወጥቶ ሠርቶ፣ ማታ ለስም ጥሪ በራሱ እግር የሚመለስበት ወህኒ አለ ሲሏት አላመነችም አሉ። እያንዳንዳችንን በገዛ እጃችን በሠራነው ጎጆ በር ላይ አቁማ ማንሳት ጀመረች። ከሁሉ የገረማት መቀርቀሪያው ነው። እንዴት የእስረኛ በር ከውስጥ ይቀረቀራል እያለች ትስቃለች። እኔ ግን አልሳቅሁም። ዘጠኝ ዓመት ከውጭ ሲቀረቀርብኝ ኖሬ እዚህ የመጣሁ ሰሞን፣ ያንን መቀርቀሪያ ስዘጋና ስከፍት ነበር የምውለው።

ፊቱን ማሳየት የማይፈልግ ጀርባውን ይስጠኝ አለች። ብዙዎቹ ጀርባቸውን ሰጡ። ማታ ማታ ስማችንን የሚጠራው፣ እሱም እንደኛው እስረኛ የሆነው ሽማግሌው ጎርዳን ብቻ ጢሙን በዘይት አበጥሮ መጣ። እኔ፣ ትልቅ ሰው ባለበት ፊቴን ገልጬ የማላውቀው ሴትዮ፣ የሳሪዬን ጫፍ ወደ ኋላ ጣልኩት። ጎርዳን አፉን ከፍቶ ቀረ። ለሕዝብ ይታይ ብዬም ፈረምኩላት። ያን ሁሉ ያደረግሁት ላንቺ ነው። የአባትሽ ወንድም የሟቹን አባትሽን እርሻ ሊነጥቀኝ መጥቶ በመጥረቢያ የመታሁት ዕለት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ። መልኬን የምታስታውሺው አልመሰለኝም፤ ፊቴ እንዲኖርሽ ብዬ ነው።

ናንዲታ አንድ ቅጂ ስትሰጠኝ በባንዋር እጅ ላክሁልሽ። ሲመለስ የት ሰቀለችው ብዬ ጠየቅሁት። “ሳሎን ነው፣ እታለም። ከሁሉ የተሻለው ቦታ ላይ” አለኝ፤ ይህን ሲል ግን መሬት መሬቱን ያያል። እኔ ደስታው አሳወረኝና ምን አንገት ያስደፋሃል ብዬ እንኳ አልጠየቅሁትም። ሠርግሽ ላይ ያልተጠራሁት በጥድፊያ ስለተደረገ ነው ሲለኝም አምኜው ነበር። አማቶቿ ጥብቅ ናቸው፣ እስክትፈቺ ታገሺ ሲለኝም ሦስት ዓመት ታገስኩ። ፎቶዬን በሳሎንሽ ሰቅለሻል ከተባልሁ በኋላ ግን ትዕግሥቱ አለቀብኝ።

ያተምኩትን ጨርቅ በጨርቅ ቋጥሬ፣ ባጃጅ ተሳፍሬ ሰፈራችሁ መጣሁ። ፊቴን እስከ አገጬ ሸፍኜ ነበር፤ ላሳፍርሽ አልፈለግሁም፣ ቤትሽን አይቼ ልመለስ ብዬ ነው። አማትሽ ደግ ሴት ናት። ጨርቅ ሻጭ መስያት አስገባችኝ፣ ፀሐይ መትቶሻል ብላ አስቀመጠችኝ። እሷ ጨርቁን ስትዳስስ ቀና አልሁና ራሴን ከፊት ለፊቴ አየሁት። ፎቶዬ ላይ የቢጫ አበባ ጉንጉን ተደርጎበታል፣ ከሥሩም ኩራዝ በርቷል። ልጄ፣ በአገራችን በሕይወት ላለ ሰው ፎቶ ጉንጉን የሚያደርግ ማን አለ?

አማትሽ ዓይኔን ተከትላ አየችና የምራቴ እናት ናት አለችኝ። ልጅቱን በስድስት ዓመቷ ጥላት በወባ ሞተች፣ ምስኪን፣ ደግ ሴት ነበረች ይላሉ አለችኝ። እኔም ነፍሷን ይማር አልሁ። ምን ልበል? ዓይኗን በሳሪዋ ጫፍ ጠረገች፤ አለቀሰችልኝ እኮ። ከዚያ ኮየልን ጠርታ፣ ነይ፣ ለአያትሽ እንዴት እንደምትሰግጂላት ለእንግዳዋ አሳዪያት አለቻት። ልጅቱ መጣች፣ ሁለት እጆቿን ገጠመች፣ ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ ለግድግዳው ሰገደች። ፀጉሯ ከኋላ በኩል ልክ እንዳንቺ ይጠቀለላል።

ያኔ ነው አንቺ ውሃ ይዘሽ የወጣሽው። ፊቴ ተሸፍኗል፤ እጄ ግን አልተሸፈነም። ከማተሚያው የነካኝ ሰማያዊ ቀለም እስከ አንጓዬ ድረስ አለ፤ በፎቶውም ያው እጄ መቀርቀሪያውን ይዞ ይታያል። እጄን አየሽ፣ ግድግዳውን አየሽ። ውሃው ከኩባያው ፈሰሰ።

“ዛሬ አንገዛም፣ እማማ” አልሽኝ።

ማንኛዋንም ጠና ያለች ሻጭ እንደሚሉት ነው ያልሽኝ፤ አውቃለሁ። ጨርቄን ቋጥሬ ወጣሁ። ከኩባያው የቀረውን ውሃ ግን እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠጥቼዋለሁ፤ ባንቺ እጅ ስጠጣ የመጀመሪያዬ ነው።

ያን ዕለት ማታ ስም ጥሪ ላይ ጎርዳን ስሜን ጠራ። “አለሁ” ነው መልሱ። አልወጣ አለኝ። ደግሞ ጠራኝ፤ ዝም። ሦስተኛ ጊዜ ያልመለሰ እንደጠፋ ይቆጠራል። መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየኝና፣ “አንቺ ሴትዮ፣ እዚሁ ቆመሽ ልትጠፊ ነው እንዴ?” አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አለሁ አልሁት። ኋላ ጎጆዬ ድረስ መጥቶ ምን ሆነሽ ነው ሲለኝ ነገርኩት፤ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አመሸ።

በሳምንቱ ናንዲታ እየበረረች መጣች። ኤግዚቢሽኑ በእናንተው ከተማ ሊከፈት ነው፤ የጥሪ ካርዱ ላይ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ከነሙሉ ስሜና ከነፍርድ ዘመኔ። በየትምህርት ቤቱ በር ይለጠፋል አለችኝ። ባልሽ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት በር ታየኝ፤ ከዚያ ጉንጉኑ፣ ከዚያ ያቺ ደግ አማትሽ ያለቀሰችው እንባ። አንቺን ከነልጅሽ ከቤት ሲያስወጡሽ ታየኝ። ፎቶውን አውጪው አልኳት። ተቆጣች፤ ዓመት ሙሉ ለፍቻለሁ፣ ካርዱም ታትሟል አለች። ከሁሉ የሚበልጠው ያንቺ ነው፣ ይህን ፊት ሰው ማየት አለበት አለችኝ።

“ሰው ይቅርበት። ለአንድ ሰው ነበር የገለጥኩት፤ እሷም አይታዋለች” አልኳት።

ካርዶቹን የያዘችበትን ጥቅል ፈታች። ከዚያ ካርዶቹን አንድ ባንድ ምድጃዬ ውስጥ ከተተች። የፎቶውንም ፊልም አምጥታ በእጄ አስጨበጠችኝ። በምትኩ ሌላ አነሳች፦ እኔ ጎጆዬ ገብቼ ከውስጥ ቀረቀርኩ፣ እሷ የተዘጋውን በር አነሳችው። አለሁበት፣ ግን አልታይም። ፊልሙን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። እንግዲህ ካንቺ ግድግዳ በቀር ፊቴ የትም የለም።

የመፈቻ ወረቀቴ ደርሷል፤ በወሩ መጨረሻ ጎጆውን እለቃለሁ። አዎ፣ አንቺ ጋ ልኖር፣ ኮየልን ፀጉሯን ልሠራት አስቤ ነበር። ሲመሽ በራችሁን ከውስጥ የምቀረቅረው እኔ እሆናለሁ ብዬ ነበር። ይቅር። ጨርቅ የማትምበት ቤት ከጓሮ አንድ ክፍል ሰጥተውኛል፤ ደህና ክፍል ነው፣ አታስቢ።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ያን ጊዜ ሳየው ጉንጉኑ ጠውልጎ ነበር። የሞተ ሰው በትኩስ አበባ ነው የሚከበረው፤ አማትሽም ልብ ብትል ደስ አይላትም። ቀይሪልኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ ጨርቄን ይዤ በሰፈራችሁ አልፋለሁ፤ በራችሁ ክፍት ከሆነ ከመንገዱ ይታያል። ትኩስ ከሆነ ደብዳቤዬ እንደደረሰሽ አውቃለሁ፤ ሳልቆም አልፋለሁ።

ፈጣሪ ትዳርሽን ያጽናልሽ። ኮየልን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ እጇም ቁጣ አያውቅ። ለእኔ ያለቀሰችልኝን አማትሽን ዕድሜዋን ያርዝምልሽ፤ እንደ እናት ያዣት።

ጨርቅ ሻጯ ሴትዮ