በር ላይ ያስቀመጥኩት ድንጋይ

ቤርሼቫ፣ ዳሌት ሰፈር
የአስተስርዮ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ 2008

ልጄ፣

እንደምን ከረምክልኝ? የኤላት ሙቀት በረደ ወይስ ገና ነው? ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ መዋል ወገብ ይጨርሳል ይሉኛል፤ ጀርባህን ጠብቅ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ስኳሩ አንድ ቀን ይወጣል፣ አንድ ቀን ይወርዳል። የደረጃችን መብራት ያኔ እንደጠፋ ነው፤ ግድግዳውን እየዳበስኩ እወጣለሁ።

በስልክ ስንገናኝ አንተ በዕብራይስጥ ትጠይቀኛለህ፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም «በሴዴር፣ በሴዴር»፣ ደህና ነው ደህና ነው ተባብለን እንዘጋለን። የዛሬው ነገር በሴዴር ተብሎ የሚዘጋ አይደለም። አማርኛ ማንበብ አላስተማርኩህም፤ ስለዚህ የሚያነብልህ ሰው ልኬልሃለሁ። አንድ ቃል ሳይዘል እስከ መጨረሻው እንዲያነብልህ አስምለዋለሁ። ፖስታውን የማሽገው እሱን ሳላምን ቀርቼ አይደለም፣ እፊቴ እንዳይከፍተው ፈርቼ ነው።

ያን ቀን የሆነውን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። እኔ የሰማሁት ይህን ነው። አንተና አሎን ከሱቁ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀምጣችሁ ሱፍ ትፈለፍሉ ነበር። ሁለት ፖሊሶች መጡና መታወቂያ አምጡ አሉ። አንተ ማዶ የተቀመጡትን ነጫጭ ልጆች አሳይተህ «እነሱንስ ጠየቃችኋቸው?» አልክ። አሎን «ተው፣ ስጣቸውና ይሂዱ» አለህ። አንደኛው ፖሊስ ክንድህን ያዘ፣ አንተ መነጨቅህ፣ እሱ ሚዛኑን ስቶ ወድቆ ከንፈሩ በወንበሩ ጠርዝ ተመታ። እጄ አልነካውም ብለሃል። እኔም አምኜሃለሁ። ያኔም አምኜህ ነበር፤ ይህን ቃል ያዝልኝ።

ሁለታችሁንም ወሰዷችሁ። በማግስቱ ጠዋት አሎንን ለቀቁት፣ አንተን አስቀሩህ። እኔ ነጭ ልብሴን ለብሼ ከሰፈራችን ሽማግሌ ከአባባ አዝመራው ጋር ወደ ሚሽጣራ፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያው፣ ሄድኩ። ከአውቶቡስ እንደወረድን ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ አነሳሁና በጫንቃዬ ተሸከምኩ። ወገራ ሳለን እንዲህ ነበር የሚደረገው። የተበደለ ሰው ዘንድ ድንጋይ ተሸክመህ ትሄዳለህ፤ እሱ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ በገዛ እጁ ያወርድልሃል፣ ነገሩ ያልቃል።

የበሩ ጠባቂ ድንጋዩን ሲያይ ጮኸ፣ እጁንም ወደ መሣሪያው ሰደደ። ለእርቅ ነው ብል ማን ይሰማኛል። አዝመራው «አንተ ሰው፣ ሳንገባ ልታስገድለን ነው፣ አውርደው» አለኝ። ከበሩ አጠገብ ሣሩ ላይ አስቀመጥኩት። አባት ብቻ ይግባ ተባለና አዝመራው ውጭ ቀረ።

ፖሊሱ ከንፈሩ አብጦ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጧል። ሰማይ የምትባል የኛ ልጅ፣ ወታደር፣ ልታስተረጉም መጣች፤ በዕድሜ ከአንተ ብዙም አትበልጥም። እኔ ቆሜ እጅ ነሳሁና «ልጃችን አጥፍቷል፣ መቶሃል፣ ጥፋቱ የእኛ ያሳዳጊዎቹ ነው፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ማረን» አልኩ። ልጅቷ ወዲያው አላስተረጎመችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ ሲመታው አይተዋል?» አለችኝ። «አላየሁም፤ ይቅርታ የሚለምን ሰው አላየሁም ይላል እንዴ?» አልኳት። «አባባ፣ ይሄ እኮ ይጻፋል» አለችኝ። «ይጻፍ፤ እርቅ ቢጻፍ ጥሩ ነው» አልኳት።

እሱ ይጽፋል፣ እኔ ይቅር ለእግዚአብሔር እስኪል ቆሜ እጠብቃለሁ። ወረቀት አቀረበልኝ። ስሜን ከነአባቴ ስም በአማርኛ አሳምሬ ፈረምኩ፤ አባቱ መሃይም ነው እንዳይሉህ ተጠንቅቄ። ከዚያ በሩን አሳየኝ። ስወጣ ድንጋዩ እዚያው ሣሩ ላይ ነበር። አዝመራው «ታረቀ?» አለኝ። «መሰለኝ» አልኩት።

ልጄ፣ ለምን እንዲህ አደረግህ ትለኛለህ። አራት ዓመት ሙሉ ራሴን የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ የባለርስታችን ልጅ ታመመ። እኛ መሬት የለንም፣ በሰው መሬት ላይ ነን፤ አባቴ ብረት ይቀጠቅጣል። እነዚያ ቡዶች በሉት ተባለ። አባቴ ማንንም አልበላም። ግን ድንጋይ ተሸክሞ ሄደና በድለናል አለ፤ ባይል ኖሮ በማግስቱ ከነልጆቹ ሜዳ ላይ ነበር። ባለርስቱ እስከ ማታ አቁሞት ድንጋዩን አወረደለት። አባቴ ሲመለስ አንገቱ ተልጦ ነበር፣ እናቴ ቅቤ ስትቀባው አየሁ። አባቴ አዳነን ብዬ ኮራሁ። ያልበደሉትን በድያለሁ ማለት ከእሱ የወረስኩት ነው። እዚህ አገራችን ገባን፣ ከእንግዲህ ይህ አያስፈልግም ብዬ ነበር፤ ከአንገቴ ግን አልወጣም ኖሯል።

የፍርድ ቤቱን ኮሪደር አስታውስ። ጠበቃህ ኦዴድ ፋይሉን በብብቱ ይዞ «ከእናንተው ወገን መቶታል ያለ ምስክር አለ፤ ብትከራከር አትረታም፣ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ስምምነቱን ፈርም» አለህና ወደ ሌላ ችሎት ተጠራ። አንተ ማን እንደሆነ አልጠየቅህም። «አሎን ነው፣ ቶሎ የለቀቁት ለዚህ ነው» አልክ። እኔ ከአንተ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበርኩ። ዕብራይስጡ አልገባኝም ነበር ብዬ ልዋሽህ እችላለሁ። ገብቶኛል። የፈረምኩት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፣ አፌንም ዘጋሁ። አንተ ፈረምክ። ሠራዊቱም አንፈልግህም ብሎ ጻፈልህ። እናትህ ለጉዞህ የገዛችው ቦርሳ አሁንም ከቁምሣጥኑ ላይ ነው።

አሎን ጥቆማ ሰጠ የሚለውን ወሬ ሰው ቶሎ አመነ። ቤተሰቡ ወደዚህ አገር ለመግባት ጎንደር ብዙ ዘመን ሲጠባበቁ የኖሩ፣ አያቶቻቸው ክርስትና ተጠምቀው የነበሩ ናቸውና፣ ከነሱ ምን ይጠበቃል ተባለ። ምኩራብ ደጃፍ ላይ፣ እኔ ባለሁበት። እኔ እንዲህ አላልኩም፤ ግን ወሬው ለእኔ መሸሸጊያ ሆነኝና ዝም አልኩ። ቡዳ ስንባል የኖርን ሰዎች ነን።

እናትህ በአሎን እንደተቀየመች ሞተች። ሆስፒታል ሊጠይቃት ሲመጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ እኔ አልጋው አጠገብ ነበርኩ፣ አልተናገርኩም። ለቅሶዋም ላይ ከእናቱ ከትርፌ ጋር መጣና ከድንኳኑ ጫፍ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ለሁሉም ሰው ውሃ ሲዞር እነሱን ዘለላቸው። አንተም አየህ፣ እኔም አየሁ። ሦስት ቀን ተመላለሱ። አንድ ቀን እንኳ ተነስቼ አላቀበልኳቸውም።

ባለፈው ወር ወደ ሚሽጣራ ብቻዬን፣ ባዶ እጄን ተመለስኩ። በዚያ ስብርባሪ ዕብራይስጤ «ያ የጻፋችሁት ከአፌ የወጣ ነው፣ ግን አላየሁም፣ እውነት አይደለም» አልኩ። የተቀመጠችው ሴት ኮምፒዩተሯን አየችና ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ጠበቃ ያዝ አለችኝ። ወጥቼ ሣሩን ተመለከትኩ። አስፋልት አልብሰውታል።

ከዚያ ዛሬ አመሻሹ ላይ በሬ ተንኳኳ። ሰሞኑን ከሠራዊት የተሰናበተ፣ አማርኛ ማንበብ ጎንደር የተማረ ልጅ ነው። በጨለማው ደረጃ እየዳበሰ መጥቶ «አባባ፣ ሥራ ፍለጋ ወደ ኤላት ልወርድ ነው፤ ለልጅዎ የሚላክ ነገር ካለ አደርሳለሁ፤ በሩን ቢዘጋብኝ ከደጁ አስቀምጬለት እመለሳለሁ» አለኝ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም ፊቱን እያየሁ ልነግረው አልቻልኩም፤ ነገ ተመለስ አልኩትና ይህን ስጽፍ አመሸሁ።

ያልበደልኩትን ፈጥኜ ለምኜ፣ የበደልኩትን ለመለመን አራት ዓመት ፈጀብኝ። ድንጋይ ተሸክሜ መምጣት የነበረብኝ ወደ እናንተ ነበር። ጉልበቴ ኤላት አያደርሰኝም፤ ይህን ወረቀት እንደ ድንጋዩ ቁጠሩልኝ። ይቅር በለኝ ብዬ አላስጨንቅህም። አውርድልኝ ወይም ተወው፣ ያንተ ነው። ለጾሙ ብትመጣ በሩን አልቆልፍም፤ ባትመጣም አልቆልፍም።

የአባቶቻችን አምላክ በገባህበት በወጣህበት አይለይህ። እንጀራህን የሰው ፊት ሳታይ የምትበላው ያድርግልህ። የእናትህ ነፍስ እውነቱን አሁን አውቃለችና፣ ከእኔ ይልቅ እሷ ትለምንልህ።

አሁን ቀና በልና ያነበበልህን ሰው እየው። ድምፁ መሐል ላይ ተቆርጦ ከነበረ ታገሰው፤ እሱም ይህን የሰማው ዛሬ፣ ከአንተ ጋር ነው። ብዙ አንብቧል፣ ጉሮሮው ደርቋል። ተነስና እኔ በለቅሶው ያላቀበልኩትን ውሃ ስጠው።

አባትህ