ተገልብጦ የተነበበው ጉና

ይድረስ ለምወድሽ እኅቴ ለሕይወት፤

እታለም፣ ሰላምታዬ ቤትሽ ድረስ ይግባ። እንዴት ከርመሻል? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ፋሲልስ ደኅና ነው? የሠናይት ጥርስ ወጣላት? እኛ፣ ብርዱ ከጉና ተራራ እየወረደ ሳያስፈቅድ ከሚገባብን በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

የአባየ ጉልበት ግን በበቅሎ እንኳ ወደ ጉና የሚያወጣቸው አልሆነም። ክረምቱን ሙሉ «የተወለድሁበትን ሳላይ እንዳልሞት» ሲሉ ከረሙ። እርሳቸውን መውሰድ ቢያቅተኝ፣ በተማርሁት ሙያ ጉናን በኮምፒውተር ሠርቼ ቤት ላመጣላቸው ተነሣሁ። ተራራው በሰላም ተሠራ። ያስቸገሩኝ ፊደሎቹ ናቸው።

የመንደሮቹን ስም ጽፌ ብከፍተው ሁሉም እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሏል። ፊደሉን የሚስለው የፕሮግራሙ ክፍል ከላይ ወደ ታች ይቆጥራል፤ ተራራው ላይ የሚለጥፈው ደግሞ ከታች ወደ ላይ። ሁለቱም በየፊናቸው ትክክል ናቸው፤ እንደ ባልና ሚስት ማለት ነው። ተራራውን አዙሬ ከጀርባው ሳየው ደግሞ ጽሑፉ በመስታወት እንደሚታይ ሆኖ ቀኙ ግራ ሆነብኝ።

ለካ አባየ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። «ዋሻ በር፣ ቀይ አፈር፣ ላይ ቤት» እያሉ ሳይደናቀፉ አነበቡት። ተገልብጧል እኮ ብላቸው «ምኑ?» አሉኝ። የኔታ ዘንድ ሲማሩ ዳዊቱ አንድ፣ ተማሪው ብዙ ነበር። ትልልቆቹ የመጽሐፉን ግርጌ ሲይዙ ለእርሳቸው ራስጌው ደረሳቸው። መዝሙሩን በሙሉ የዘለቁት በዚያ በኩል ተቀምጠው ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያቸው ኖሬ አላወቅሁም ነበር።

የሆነ ሆኖ የቁጥሩን አቅጣጫ ገለበጥሁት። እያንዳንዱ ስምም የሚያየውን ሰው እየተከተለ ፊቱን እንዲያዞር አደረግሁ። አባየ ተራራውን በጣታቸው ሲያዞሩት ስሞቹ ሁሉ አብረው ዞረው ተመለከቷቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ለትልቅ ሰው እንደሚነሡ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «አወቀኝ እኮ» አሉ፤ ጉናን ማለታቸው ነው። ፕሮግራሙ ማንንም እንደማያውቅ ማስረዳቱን ትቼ አብሬያቸው ተነሣሁ።

ከዚያ ወዲህ «ሳላይ እንዳልሞት» የሚለውን ትተዋል። አሁን የሚሉት «ሕይወትም ትየው» ነው። ስለዚህ በስልክሽ ልኬዋለሁ። በየትም በኩል ብትመጪ ስሞቹ ወደ አንቺ ይዞራሉ። አንዱ ብቻ፣ አባየ የተወለዱበት ላይ ቤት፣ ተገልብጦ ይታይሻል። እርሱን አላቃናውም። ስሕተት መስሎሽ አትሳቂብኝ፤ እንዲቆይ የለመኑኝ አባየ ናቸው።

እማየ ከነምርቃቷ ሰላም ትልሻለች። ፋሲልን በጣም ሰላም በይልኝ፤ ሠናይትን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። አባየ ደግሞ፣ ላይ ቤትን ለማንበብ ስልክሽን እንዳታዞሪ፣ በእርሳቸው በኩል፣ በራስጌው፣ ተቀመጪ ብለውሻል።

ወንድምሽ ታምራት
ደብረ ታቦር፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.