እማማን ከሬሜዲዮስ ማን ያነሳታል?

ባሕር ማዶ፣ ተነሪፌ ለሚኖረው ለወንድሜ ለሮሄልዮ፤

እንደምን ከረምክ ወንድሜ? ጤናህ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካው የሚያስነክስህ ጉልበትህስ ተሻለው? ሚስትህ ሚላግሮስ ደኅና ናት? ልጆቹስ አደጉ? አክስት እንዳላቸው፣ አያት እንዳላቸው ትነግራቸዋለህ? እኛ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። እማማ ትበላለች፣ ትሳደባለች፤ ስለዚህ እሷም ደኅና ናት። የላክኸው የደም ግፊት መድኃኒት ደርሶናል፣ እጅህን ቁርጥማት አይንካው። ሰላምታዬ ለጊዜው እዚህ ላይ ይቁም። ከዚህ በታች ያለው ቁጣ ነውና ቁጭ ብለህ አንብበው።

እሑድ ዕለት ደውለህ ምን እንዳልክ ታስታውሳለህ? «ኤልቪራ፣ እማማን ወደ ሳንታ ክላራ እናዛውራት። ሊፍት ያለው ፎቅ ተገኝቷል፣ ሆስፒታሉም ቅርብ ነው» አልከኝ። እኔ ደግሞ እጄ በካሳቫ ሊጥ ተጨማልቆ ስለነበር ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው ነበር። እማማ ከተወዛዋዥ ወንበሯ ላይ ሆና አንዲት ቃል ሳታመልጣት ሰማችህ። ወንበሩ ቀጥ አለ። አንተ ግን አላበቃህም። «ከገና ዋዜማ በፊት ይሁን፣ በዚህ ዕድሜዋ የርችቱ ጩኸት እንዳይረብሻት» ብለህ ጨመርክበት!

የርችቱ ጩኸት! አንተ ሰው፣ ባሕሩ ነው እንዲህ ያደረገህ ወይስ ጋብቻው? አባታችን ጣቶቹን ለሰፈራችን ለካርመን ርችት ሰጥቶ፣ በቀረው እጁ እንደገና ርችት ሲያስር የሞተ ሰው ነው። እማማ ዛሬም፣ ዓይኗ እንዲህ ደክሞ፣ ለዘንድሮው የገና ዋዜማ ሠረገላ ልብስ ላይ ዶቃ ትለጥፋለች። ሠረገላው ምን እንደሚመስል አልነግርህም፤ ደብዳቤ መንገድ ላይ ይከፈታል፣ በየገናው ዋዜማ በርችትና በሠረገላ የሚፎካከሩን የሳን ሳልቫዶር ሰፈር ሰዎች ደግሞ የትም አሉ። እሷን ከርችት ለማሳረፍ መፈለግ ዓሣን ከውኃ አውጥቶ «ይኸው ደረቅክልኝ» እንደማለት ነው።

ደግሞስ ይህችን ከተማችንን ሬሜዲዮስን ከቦታዋ ለማንሳት የመጀመሪያው አንተ የሆንክ መሰለህ? ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። አያቶቻችን የባሕር ወንበዴ ሲያስቸግራቸው ከባሕሩ ዳር ሸሽተው ወደ ውስጥ ገብተዋል፣ ያንን አልክድም። እዚህ ከሰፈሩ በኋላ ግን በቃ አሉ። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የነበረው ቄስ ምን አላቸው? «ከእግራችሁ ሥር የሲኦል በር አለ፣ በአንዲት ሴት ላይ የሰፈሩ እልፍ አእላፍ አጋንንት ራሳቸው ነግረውኛል፣ ውጡ!» አላቸው። ወዴት ውጡ አለ? ወደ ገዛ መሬቱ! አጋንንቱ የመሬት ደላላ ኖረዋል። ትንሽ ሳለን አባታችን ይህን ሲያወራ አንተ ሆድህን ይዘህ ትስቅ ነበር።

ከዚያ የሚሄደው ሄደና ሳንታ ክላራን ቆረቆረ። ይሂድ፣ ማን ከለከለው? ግን ሄዶ አልተወንም፤ የገዢውን ትእዛዝ ይዞ፣ መጥረቢያና ችቦ ይዞ ተመለሰ። የመጣው ባዕድ አልነበረም፤ ጎረቤት ነው፣ የአክስት ልጅ ነው፣ ክርስትና ያነሱት ነው። ቤቱን በቤተሰቡ ላይ አቃጠለበት። የእኛዎቹ አመዱ ሳይበርድ ምሰሶ ተከሉ። በኋላ ያቺው ሳንታ ክላራ አደገችና ዋና ከተማ ሆነችብን። እኛ ወልደናት እሷ ታዝዘናለች፤ ከበድ ያለ ሕመም በያዘን ቁጥር በመኪና ተጭነን የምንሄደው ወደ እሷው ነው። ይሁን፣ ለመታከም እንሄዳለን። ለመኖር ግን፣ ሮሄልዮ፣ ለመኖር!

ሊፍት አለው አልከኝ። የትልቁን ቤተ ክርስቲያን መሠዊያ ታስታውሳለህ? ያ ሁሉ ወርቅ ከወንበዴ እንዲሰወር በነጭ ቀለም ተለቅልቆ፣ ሰው ተራ እንጨት ነው ብሎ ስንት ዘመን ተሳለመው። ቀለሙ ሲፋቅ እማማ ልጅ ነበረች፤ በሰው እግር መሃል ሾልካ ገብታ ወርቁ ብቅ ሲል በዓይኗ አይታለች። ለዚህች ሴት ነው ስለ ሊፍት የምታወራላት።

ደግሞ ጠያይቄ ደረስኩበት። ፎቁ የማን ነው? የሚስትህ ወንድም የሲልቪኖ! የሚከራየው አጥቶ ባዶውን የከረመ ቤት። ስለዚህ የዛሬው ቄስ ሲልቪኖ ነው፣ አጋንንቱም ባንተ አፍ ይናገራሉ ማለት ነው። ክፋት አስበህ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ የነገሩህን የምታምን ሰው ነህ። ይኸው ጠባይህ ነው የሚያናድደኝ።

እሑድ ዕለት ጩኸቴን ሰምታ ጎረቤታችን ማሴዶኒያ ከነሽርጧ ሮጣ መጣች። «ማን ሞተ?» አለች። ነገሩን ስነግራት፣ ዕድሜ ልኳን ከእማማ ጋር ስትነቋቆር የኖረችው የሳን ሳልቫዶሯ ማሴዶኒያ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። እማማን በስሟ ጠርታ «ኤውላሊያ? ሳንታ ክላራ?» አለች። «ታዲያ የሰፈራችን ባንዲራ ዶሮ የሰፈራችሁን ባንዲራ ጭልፊት ሲያሸንፍ ማንን ላናድድ ነው? በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ጠላት ከየት አመጣለሁ?» ብላ አለቀሰች። እማማ «አታልቅሺ አንቺ አሮጊት፣ ዶሯችሁ አሸንፎ አያውቅም» አለቻት። ከዚያ ወዲያ ግን ማንንም ማናገር ተወች። ዶቃዋን ትለጥፋለች፣ ወንበሯን ታወዛውዛለች። እኔም ባንተ ላይ የማወርደውን ስድብ ሁሉ በእሷም ፈንታ ጭምር አወረድኩት።

ትናንት ጠዋት ጠራችኝና «ለወንድምሽ ጻፊለት። እሺ ብላለች በይው» አለችኝ። የሰማሁትን አላመንኩም። «እማማ! ሳንታ ክላራ?» ስላት፣ «ሳንታ ክላራ። ግን የሚወስደኝ እሱ ራሱ ነው። ያኔ ሊያነሱን የመጡት በገዛ እግራቸው፣ መጥረቢያቸውን ይዘው ነው የመጡት፤ በስልክ አልላኩብንም። እሱም ወንድ ከሆነ ይምጣ። ለገና ዋዜማ ይድረስ» አለች። ሻንጣዋን ከቁም ሳጥን ላይ አስወርዳኝ በሩ ሥር አስቀመጠችው። ይኸው ከትናንት ጀምሮ ለገባ ለወጣው ሁሉ «ልጄ ሊወስደኝ እየመጣ ነው» ትላለች። ማሴዶኒያም እውነት መስሏት እንደገና አለቀሰች።

እኔ ግን ንዴቴ አልወጣልኝም ነበርና «ያን ሁሉ ቁጣ የተቆጣሁት ለማን ነው? ለምን እሺ አልሽ?» ብዬ ሞገትኳት። ቀና ብላ አየችኝና «አንቺ ቂል፣ ማን እሄዳለሁ አለሽ? መጀመሪያ ይምጣ። ከመጣ በኋላ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ እለዋለሁ። ይህን ግን እንዳትጽፊ» አለችኝ። ጻፍኩት። ፍቃዷን አግኝተህ ሳይሆን ናፍቀንህ እንድትመጣ ነው። ስንት ገና «የሚመጣው ዓመት» እያልክ አለፈ? ያናደደኝ ሳንታ ክላራ ብቻ አይደለም ወንድሜ፤ እሷን ለማዛወር ያሰብክበትን ጊዜ፣ እሷን ለማየት አለማሰብህ ነው።

ሚላግሮስን ሳምልኝ፤ የሳንታ ክላራ ሰው መሆኗ ጥፋቷ አይደለም፣ ካርመን ሰፈር እናስገባታለን። ልጆቹን ግንባራቸውን ሳምልኝ፤ ሲመጡ ጆሯቸውን የሚደፍኑበት ጥጥ ይያዙ፣ አንተ ግን እንዳትይዝ። ማሴዶኒያ ሰላም ብላሃለች፤ «ጭልፊታችሁ ዘንድሮም ላባው ይነጫል በይው» ብላለች። ለሲልቪኖ ሰላምታ የለኝም፤ የሚከራየው ይስጠው።

ዛሬ ጠዋት ቤት ስጠርግ ያን ሻንጣ ከበሩ ሥር ላነሳው ስል በአንድ ጣቴ ተነሳልኝ። ባዶ ነው።

እህትህ ኤልቪራ
ሬሜዲዮስ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2018