ጓሳው የነደደበት ሳምንት

ማክሰኞ የካቲት 14፣ ጠዋት 1 ሰ.

ዛሬም ጉም የለም። ጤዛም የለም። ያውም በደጋው በመንዝ! ት/ቤት የማስተምረው ስለ አየር መሞቅ ነው። ልጆቹ ከመጽሐፉ በፊት ከአባቶቻቸው እርሻ ተምረውታል።

ወንድሜ አስፋው ትናንት አፈር ማቃጠል ጀመረ። ሳይታረስ የከረመውን መሬት ገልብጦ፣ ከሥር ኩበት አድርጎ አፈሩን ከምሮ ለኮሰው። እሳቱ ውስጥ ውስጡን በልቶት ሲያበቃ ገብስ ይዘራበታል፤ የአባታችን ዘዴ ነው። ግን አባታችን ሲለኩስ ጉም ነበረ፣ የበልግ ካፊያ ነበረ። አምና በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም በረዶ ሆኖ ወረደ። ዘንድሮም ጠብ ያለ የለም። ቆይ አልኩት። የአየር ትንበያ ሆንሽብኝ ብሎ ሳቀ። እሳቱ እስኪጠፋ ከአጠገቡ እንደማይለይ ቃል ሰጠኝ። እሺ አልኩ፣ ደብተሬ። ምን ልበል?

ሐሙስ የካቲት 16፣ ምሽት 1 ሰ.

እጄ ጥላሸት ነው፣ ገጹን አቆሸሽኩት። ጓሳው ነደደ። ሦስት ዓመት ተከልሎ ማጭድ ያልነካው ሣር! ሽማግሌ ከተማሪ የእሳት መምቻ ቅጠል ይዘን ወጣን። ውሃ የለም። ድሮ በግ ይሰምጥበት የነበረው ረግረግ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ነፋሱ ቀደመን። ዘንድሮ ሊከፈት ነበር፤ በረዶው ቤታቸውን ያፈረሰባቸው ሁሉ ለክዳን የሚጠብቁት እሱን ነው። ሰው ቆሞ አለቀሰ፣ እኔም።

ሁሉም አመድ ከሆነ በኋላ ካፊያ ጣለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እሳቱ የተነሣው ከእርሻው ጠርዝ ነው። እዚያ የአስፋው ክምር አለ። የጎረቤታችን የጋሽ ደምሴ የንብ ቀፎዎችም አሉ፤ ማር የሚቆርጡት በጭስ ነው። አስፋውን ቀኑን ሙሉ አላየሁትም።

ቅዳሜ የካቲት 18፣ 11 ሰ.

አውጫጭኝ ተጠራ። መንደሩ ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ ሜዳ ላይ። እያንዳንዱ በተራው ምሎ ያየውን የሰማውን ይናገራል። አጥፊ የተባለ ከሰው ይቆረጣል፤ እሳት የሚያጭረው፣ ሬሳ የሚቀብርለት የለም።

አስፋው ተነሣ። ማለ። ጭሱን ያየው ከደምሴ ቀፎ በኩል መሆኑን ተናገረ። ወንድሜ!

ጋሽ ደምሴ አልተቆጡም። «ከጥምቀት ወዲህ ቀፎ አልከፈትኩም» አሉና ተቀመጡ። ያመናቸው የለም። የኔ ተራ ደረሰ። እሳቱ ሲነሣ አላየሁም አልኩ። እውነት ነው፣ አላየሁም። የማውቀውን ግን ዋጥኩት። ፍርዱ ነገ ከቅዳሴ በኋላ።

ያው ቅዳሜ፣ 12 ተኩል

አስፋውን ጠየቅኩት። ሐሙስ ክምሩን ትቶ ገበያ ወርዷል። ሊሸሽገኝ እንኳ አልሞከረም። አባታችንም ትቶት ይሄድ እንደነበር፣ ካፊያው ይጠብቅለት እንደነበር አስታወሰኝ። «የከዳኝ ሰማዩ ነው። ሰማዩ ባጠፋ እኔ ለምን ልቆረጥ?» አለ። ቀጥሎ ውለታውን አነሣ፤ እኔን ለማስተማር በሬውን መሸጡን።

ግማሹ እውነት ነው። ሰማዩ ከድቶናል፤ ያበላሸውም አስፋው አይደለም። ግን ቃል የሰጠኝ ሰማዩ ነው? በጋሽ ደምሴ ላይ በሐሰት የማለው ሰማዩ ነው? ተቃጥያለሁ። ከሰማዩ ይልቅ የሱ ክዳት አመመኝ። ያሳደገኝ ሰው ነው።

እሁድ የካቲት 19፣ ጠዋት

ወስኛለሁ። ሽማግሌዎቹ ሳይፈርዱ እነሣለሁ። ክምሩን፣ ገበያውን፣ የኔንም ዝምታ እናገራለሁ። ከቆረጡ ሁለታችንን ይቁረጡ።

አስፋው ደጅ ቆሞ ይጠራኛል። ለየብቻ ብንሄድ ሰው ይታዘበናል፣ አብረን እንሂድ ይላል። እሺ፣ አብረን። መንገድ ላይ ልነግረው አስቤ ነበር። አልነግረውም። እሱም ትናንት ሊምል ሲነሣ አልነገረኝም።